አቧራ በክረምት

«ተራራው በበጋ አውቶቡስ ይውጣል።»

ዘበኛው ይህን ያልተናገረበት ቀን ቢኖር፣ ያ ቀን ዘበኛው ሥራ ያልገባበት ቀን ነው። በሩን ሲከፍት ይለዋል፣ ሲዘጋ ይለዋል፤ ትኬት ሊቆርጥ የመጣ ሰው ግድግዳው ላይ ካለው ካርታ ፊት ቆሞ ጣቱን ተራራው ላይ ካሳረፈ ደግሞ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ይለዋል። «በበጋ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነሰዉ፣ ከነሻንጣው። ጎማ እንኳ አልተረፈም።» ሰምቶ የሚስቅ አልነበረም። ዘበኛው ወሬ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ድምፁን ዝቅ ያደረገ ሰው ደግሞ ምንጊዜም እውነት የሚናገር ይመስላል።

«አባባ» አለችው ምላጭ አንድ ጠዋት መስኮት እየወለወለች፣ «ባለፈው ሳምንት አውቶቡሱ ውስጥ ሠላሳ ሰው ነበር ያሉት። ዛሬ አርባ አደረጉት። የተዋጠ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ይጭናል እንዴ?»

«አንቺ ልጅ፣ በሰው ሞት አትቀልጂ።»

«እኔ የቀለድኩት በሰው ቁጥር ነው።»

ምላጭ እናቷ ያወጡላት ስም አይደለም። እናቷ ያወጡላትን ስም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው የፊርማ መዝገቡ ብቻ ነው። ምላጭ ያሏት በገባች በሳምንቷ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ሻይ ለምን ቀዘቀዘ?» ብሎ ቢቆጣ፣ «ጋሼ፣ ሻዩ የመጣው በሰዓቱ ነው፤ የቀዘቀዘው እርስዎን ሲጠብቅ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ተለጥፎባት ቀረ፤ እሷም አልጠላችውም።

የጉዞ ቢሮው ከጎማ ቤት በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ምላጭ ትጠርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ መስኮት ትወለውላለች። መወልወያዋ ጨርቅ አልነበረም። ሾፌሮች ከጉዞ ሲመለሱ የሚሞሏቸው ቅጾች ዓመት ሲያልፋቸው «ለመስታወት» ተብለው ይሰጧታል። እሷ ታዲያ ወረቀቱን ውሃ ከማስነካቷ በፊት ታነበዋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ አነበበች። የትኛው ወንዝ መቼ እንደሚሞላ፣ የባሕሩ ንፋስ መቼ እንደሚነሳ፣ ሜዳው ላይ ጎማ የሚያቀልጠው ሙቀት መቼ እንደሚበርድ መስኮት እየወለወለች ተማረች።

መማርም ያስፈልጋል፤ ሀገሩ ሰፊ ነው። በአንዱ ጫፍ ሰው በላብ ሲጠመቅ በሌላው ጫፍ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይረጋል። እዚህ ዝናቡ ሲያባራ እዚያ ንፋሱ ይነሳል። ለእንዲህ ያለ ሀገር አንድ ጥሩ ወር መምረጥ ለአሥር ልጆች አንድ ጫማ እንደ መግዛት ነው፤ አንዱን ይጠበዋል፣ አንዱን ይሰፋዋል፣ ሌላው ጭራሽ እግሩን አያስገባም።

ይህን የሚመርጠው ሰው «ጉዞ አውጪ» ይባላል። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው። የመጨረሻው ጉዞ አውጪ ሥራ ለቆ ከሄደ ዓመት ሆኖት፣ ጠረጴዛው ባዶውን ተቀምጧል። ምላጭ በየጠዋቱ ትወለውለዋለች። የትኛው ጥግ እንደተጫረ፣ የትኛው እግሩ እንደሚያነክስ ታውቃለች። አንድም ቀን ግን ተቀምጣበት አታውቅም። ዳሩን ስትጠርግ እጇ ትንሽ ይዘገያል፤ ያንን ያየ የለም።

ዝናቡ ካበቃ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የጡረተኛ አዋላጆች ማኅበር ሊቀመንበር ቢሮውን ረገጡ። ረጅም ሴት ናቸው፤ ዱላ ይይዛሉ፣ ግን አይመረኮዙትም፤ ይጠቁሙበታል።

«ሠላሳ አራት ነን» አሉ ወንበር እስኪሰጣቸው ሳይጠብቁ። «ዕድሜያችንን ሙሉ የሚመጣ ስንቀበል ኖርን፤ እኛ ግን የትም ሄደን አናውቅም። ሜዳውን፣ ተራራውንና ባሕሩን ማየት እንፈልጋለን። የምንሄደው አንዴ ነው። ሁለተኛ የሚሄድ ጉልበት የለንም። መቼ ይሻላል?»

ሥራ አስኪያጁ ይህን ጥያቄ ይወደዋል። መሳቢያውን ከፍቶ አረንጓዴዋን የጉዞ መምሪያ አወጣ። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመች፣ ጠርዟ በፕላስተር የተያዘች ቀጭን መጽሐፍ ናት፤ እሱ ግን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ነው የሚይዛት። ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ።

«‹ተራራው በክረምት ቢጎበኝ ይመረጣል። በክረምት ሰማዩ የጠራ፣ አየሩ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ተጓዦች ከመንገዱ አቧራ የሚከላከሉበት መሐረብ ይያዙ።› ስለዚህ እማማ፣ ለሚመጣው ክረምት ነው የምንይዝላችሁ። መሐረቡን እኛ በነፃ እንሰጣለን።»

«ለሚመጣው ክረምት! እስከዚያ ማን ይኖራል?» አሉ ሊቀመንበሯ።

ከወደ መስኮቱ ድምፅ መጣ። «ጋሼ፣ በክረምት አቧራ?»

ከታች ጎማ ቤት መዶሻ ሁለቴ ጮኸ።

«ሥራሽን ሥሪ» አለ ሥራ አስኪያጁ ሳይዞር።

«እየሠራሁ ነው። መስኮት የሚወለወለው እንዲታይ ነው።»

ሊቀመንበሯ ዱላቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ነይ እስኪ ልጄ። ምን ታየሽ?»

«እማማ፣ ክረምት ሲገባ መጀመሪያ የሚሞተው አቧራ አይደለም እንዴ? ይሄው፣ ይሄን ልወለውልበት ነበር።» እጇ ላይ ያለውን ቅጽ ዘርግታ አነበበች። «‹ጭቃ። ናዳ። ሁለት ቀን ቆምን። መሐረቦቹን ሰብስበን ከጎማ ሥር አነጠፍናቸው።› ይህ ሾፌር በክረምት ነው የሄደው።»

«መጽሐፍ ተሳስቶ ሾፌር ልክ ሆነ በይኛ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«በበጋ ደግሞ ይውጣል!» አለ ዘበኛው ከበሩ።

ሊቀመንበሯ ሦስቱንም በየተራ አዩዋቸው። «ምጥ ያለበት ቤት ሁሉም ይጮኻል» አሉ። «ባል ይጮኻል፣ አማት ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይጮኻል። እኔ የማየው ልጁ በየት በኩል እንደሚመጣ ነው። ከሳምንት በኋላ እመለሳለሁ፤ ይህቺ ልጅ ታስረዳኛለች።»

ደረጃውን ወርደው እንደጨረሱ ሥራ አስኪያጁ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ቆመ።

«ያንን ጠረጴዛ ታይዋለሽ?» አላት። «ሴትዮዋን አሳምነሽ፣ ሠላሳ አራቱንም ወስደሽ በደህና ከመለስሽ ያንቺ ነው። አንዲት አሮጊት ጭቃ ውስጥ ብትቀርብኝ፣ ወይ ንፋስ ወይ ሙቀት ቢጥልብኝ ግን፣ መጥረጊያውን ለዘበኛው አስረክበሽ በዚያው ትወጫለሽ።»

«ጋሼ፣ በጽሑፍ ያድርጉልኝ።»

በጽሑፍ አደረገላት። ያን ያህል ነበር የተናደደው።

በዚያው ቀን ምላጭ የሥራ አስኪያጁን ቁም ሳጥን ሥር ስትጠርግ ዓመታት ያየችውን ነገር ዛሬ አየችው። የቁም ሳጥኑ አንድ እግር የተሰበረ ነው፤ በምትኩ ወፍራም መጽሐፍ ተደግፎበታል። በጀርባው ላይ ያለው የውጭ ቋንቋ ጽሑፍ አረንጓዴዋ መምሪያ የተተረጎመችበት እናት መጽሐፍ መሆኑን ይናገራል። ከጎማ ቤቱ ጡብ ለምና ተካችበትና መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ወጣች።

ትምህርቷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢቋረጥም የውጭውን ቋንቋ ከመዝገበ ቃላት ለብቻዋ ተምራለች። መዝገበ ቃላቱን ያገኘችው ከወረቀት ሻጭ ሲሆን የፊትና የኋላ ገጾቹን አይጥ በልቷቸው ነበር። ስለዚህ ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ ትሰናከላለች፤ መሀል ለመሀሉ ግን የሚችላት የለም።

ቤት ገብታ መጽሐፉን እናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ዘረጋችው። እናቷ የጃኬት እጅጌ እየገጠሙ ነበር። ፀሐይዋ ከመጥለቋ በፊት ምላጭ ከመቀመጫዋ ዘለለች።

«አገኘሁት!»

«ማንን? ባል?» አሉ እናቷ መርፌያቸውን ሳያቆሙ።

«አይ እማዬ፣ ስህተት።»

«እሱ መቼ ጠፍቶሽ ያውቃል። የማንን ነው ደግሞ?»

«የመጽሐፍ። እይልኝ እስኪ። የደራሲው ሀገር ሰዎች ብርዱን ጊዜ የሚጠሩበት ቃል አላቸው፤ እነሱ ጋ በረዶ የሚወርድበት ነው። መዝገበ ቃላቱ ያንን ቃል ‹ክረምት› ይለዋል። ለኛ ግን ክረምት ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ነው፣ ጭቃ ነው። ተርጓሚው ቃሉን ተርጉሞ ወቅቱን ሳይተረጉመው ቀረ! ይሄን ሰንጠረዥ ደግሞ ጭራሽ ዘሎታል።»

ሰንጠረዡ ላይ በየወሩ ትንንሽ ሥዕሎች ነበሩ። በተራራው መስመር የዝናቡ ወራት ላይ ጠብታዎች ተደርድረዋል፤ በብርዱ ወራት ላይ ግን ክብ ፀሐይ ተስሏል። ደራሲው ሂዱ ያለው በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ሌሊቱ በሚበርድበት ወር ነው። ያ ወር ሊገባ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

እናቷ የስፌት መኪናውን አቆሙ። ምላጭ እንዲያደንቋት ጠበቀች።

«ብትሳሳቺስ?»

«ተጽፏል እኮ!»

«ያኛውም ተጽፎ ነበር።» እናቷ የጃኬቱን እጅጌ አነሱ። «እኔ ሰው በቃሉ በነገረኝ ልኬት ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። እጁን ዘርግቶ ፊቴ ይቆማል፣ ራሴ እለካዋለሁ። መጽሐፍሽ የሌላ ሰው ልኬት ነው። ተራራውን የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ?»

ምላጭ ሳትከራከር መጽሐፉን አጠፈችው። ይህ በዓመት አንዴ የሚሆን ነገር ስለነበር እናቷ በልባቸው ተደሰቱበት።

በማግስቱ ጎማ ቤት ወረደች። የተራራውን መንገድ ሃያ ዓመት የነዳው ሽማግሌ ሾፌር ጎማ እስኪነፋለት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ጋሽ ሾፌር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ተራራው የዋጠው አውቶቡስ የማን ነበር?»

ሾፌሩ ሻዩ በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። «የኔ ነዋ! የተዋጥኩት እኔ ነኝ!»

«እርስዎ?»

«ጉም ወረደብኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል ዳር ይዤ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረው የጭነት መኪና ሾፌር ሲያጣኝ ‹ጠፋ› ብሎ ሄዶ አወራ። ወሬውን እኔ ራሴ የሰማሁት ፀጉር ቤት ነው። አዝኜም ነበር።»

«ለራስዎ?»

«የሾፌሩን ስም መቼ ነገሩኝ! ምስኪን፣ ልጆች ይኖሩት ይሆናል ብዬ አዘንኩ።»

«ታዲያ ይሄ በበጋ ነበር?»

«ጉም በበጋ? በክረምት ነው እንጂ!»

ምላጭ ያን ጊዜ የዘበኛው ነገር ገባት። መምሪያዋ ክረምት ጥሩ ነው ካለች፣ ተራራው አውቶቡስ የሚውጠው በበጋ መሆን አለበት ብሎ ወሬውን ራሱ አርሞታል ማለት ነው። የተሳሳተ መጽሐፍ ልክ የነበረውን ወሬ እንኳ አሳስቶታል።

ሾፌሩ ሰንጠረዡን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ተራራው ልክ ነው። የብርዱ ወር ሲገባ እንደ ሳህን የጠራ ነው። ችግርሽ ሌላ ነው። ወሩ ሲገባ ሜዳው ገና አልበረደም፤ አሮጊቶችሽን ያቃጥልብሻል። ሜዳው ይብረድ ብለሽ ብትጠብቂ ደግሞ ወሩ ሲጋመስ ባሕሩ ላይ ንፋስ ይነሳል። ከሜዳው ተነስተሽ ባሕሩ እስክትደርሺ ሁለት ሳምንት ነው። አንዱ ይይዝሻል።»

ምላጭ የጎማ ቤቱን ወለል ትክ ብላ አየችው። በዘይት የጠቆረ ሲሚንቶ ነው፤ እሷ ግን ካርታውን እያየችበት ነበር።

«ባቡሩ ዙሪያውን ዞሮ ባሕሩ ድረስ ይሄዳል አይደል?»

«በሁለት ቀን።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ባሕሩን እንይዋ! ንፋሱ ሳይነሳ። ከዚያ ተራራውን። ሜዳው መጨረሻ ይሁን፣ እስከዚያ ይበርዳል። መመለሻውን መሄጃ ማድረግ ነው!»

ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሃያ ዓመት ስነዳ ይሄን የነገረኝ ሰው የለም» አለ። «እነዳላችኋለሁ። ከባሕሩ እቀበላችኋለሁ።»

ሊቀመንበሯ በሳምንቱ ሲመለሱ ምላጭ ከሽማግሌው ሾፌር ጋር ካርታው ፊት ቆማ ነበር። ወፍራሙን መጽሐፍ ገልጣ ሰንጠረዡን አሳየች፤ ቃሉን አስረዳች፤ ከዚያ ጣቷን ከባሕሩ ወደ ተራራው፣ ከተራራው ወደ ሜዳው ጎተተችው።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሜዳው ነው የምንጀምረው!» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ይሄ የተገለበጠ ነው!»

«ልጅም አንዳንዴ በእግሩ ይመጣል» አሉ ሊቀመንበሯ ረጋ ብለው። «ስንቱን አውጥተነዋል። እሺ፣ እንሄዳለን።»

«በበጋ?» ዘበኛው ዘሎ ገባ። «እማማ፣ ተራራው...»

«አባባ» አለች ምላጭ፣ «የተዋጠው ሰውዬ ይኸው።» ሾፌሩን በክንዱ ይዛ አቆመችው።

ዘበኛው ሾፌሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ታዲያ እንዴት ወጣህ?»

«አልጣምኩትም መሰለኝ፣ ተፋኝ።»

ዘበኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ተራራው ይውጣል፣ ግን ይተፋል» ማለት ጀመረ። ከዚህ በላይ ማሻሻል አልተቻለም።

በስድስተኛው ሳምንት ማለዳ ሠላሳ አራት አዋላጆች ባቡር ተሳፈሩ። ምላጭ በእናቷ የተሰፋ ወፍራም ጃኬት ለብሳ፣ ሠላሳ አምስተኛ ሆና ገባች። ባሕሩ ለጥ ብሎ ጠበቃቸው። እግራቸውን ነከሩ፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተረጫጩ፣ አንዷ «ሰማንያ ዓመት ሙሉ ውሃ የማውቀው በባልዲ ነው» ብላ ከውሃው አልወጣም ብላ አስቸገረች። ተነስተው አውቶቡስ በገቡ በሁለተኛው ቀን ሬዲዮው በባሕሩ ዳርቻ ብርቱ ንፋስ መነሳቱን ተናገረ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ምላጭ ዞረ። እሷ መስኮቱን እያየች ነበር፤ አገጯ ግን በትንሹ ከፍ አለ።

ተራራው ላይ ሰማዩ ስንጥቅ የሌለበት ሰማያዊ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ያበራል። መንገዱም ጨሰ። አቧራ! ደረቅ፣ ነጭ፣ የተባረከ አቧራ በየመስኮቱ ገባ። ምላጭ ከሻንጣዋ የቢሮውን መሐረቦች አውጥታ አደለች። እነዚያ መሐረቦች ከተሰፉ ጀምሮ ለተሰፉለት ነገር ሲውሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ከጫፉ በፊት ያለው የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ አውቶቡሱ አቃሰተ። ሾፌሩ ማርሽ ቀነሰ። ሞተሩ አጓራ፣ ተንቀጠቀጠ፣ የማይወጣ መሰለ። ለምላጭ ጠረጴዛው ባዶውን፣ መጥረጊያው በዘበኛው እጅ ሆኖ ታያት።

ከኋላ መቀመጫ አንዲት አሮጊት፣ ከአርባ ዓመት ልማድ የተነሳ፣ ጮክ ብላ «ግፊ!» አለች።

«ግፊ!» አለች ሌላዋ።

«ተንፍሺ! አይዞሽ! ትንሽ ነው የቀረሽ!»

ሠላሳ አራቱም አዋላጆች መሐረባቸውን ከአፋቸው አውርደው በአንድ ድምፅ አውቶቡሷን ማዋለድ ጀመሩ። «ግፊ! ግፊ! ጎበዝ የኔ ልጅ! አሁንም!» ሾፌሩ በሳቅ መሪው ላይ ሊደፋ ደረሰ። አውቶቡሷም አማጠች፣ ጮኸች፣ ጠመዝማዛውን ጨርሳ ጫፉ ላይ ወጣች፤ ሀገሩም በሁለቱም በኩል እጥፉ እንደተፈታ ጨርቅ ተዘረጋ። በአንድ ወገን የባሕሩ ጭጋግ፣ በሌላው ወገን ቢጫው ሜዳ። ሴቶቹ ወርደው ተቃቀፉ። ሊቀመንበሯ ዱላቸውን ወረወሩት፤ ኋላ ሄዶ የፈለገላቸው ሾፌሩ ነው።

ምላጭ ዳር ላይ ቆማ በካርታ የምታውቀውን ሀገር ታይ ነበር።

«ምላስሽን ተራራው ዋጠው እንዴ?» አላት ሾፌሩ።

«ይተፋዋል» አለች ዓይኗን በመሐረቡ እየጠረገች። «ትንሽ ይታገሱ።»

ሜዳውን ያቋረጡት በለስላሳ አየር፣ እየዘፈኑ ነው። ቢሮው በር ላይ ሥራ አስኪያጁ አንድ በአንድ ቆጠራቸው፤ ሠላሳ አራት ሲል ድምፁ ቀጠነ። ሊቀመንበሯ የጉዞውን ቅጽ እዚያው ቆመው ሞሉት፤ ሙያቸው ሆኖ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ሠላሳ አራቱም በደህና ደርሰዋል። ሁሉም ጮኸዋል። ሁሉም ክብደት ጨምረዋል። እናትም ደህና ናት።» «እናት» የሚለውን ሲጽፉ በዱላቸው ምላጭን ጠቆሙ።

«ጋሼ» አለች ምላጭ፣ «አረንጓዴዋን ያምጧትና ‹ክረምት› የሚለውን ይሰርዙልኝ። ‹የብርዱ ወራት› ብለው ይጻፉ። በእርስዎ እጅ ይሁን፣ የእርስዎ ጽሕፈት ያምራል።»

ሰረዘ። ጻፈ። እውነትም ጽሕፈቱ ያምራል። ከዚያ ወንበሩን ራሱ ስቦላት «ተቀመጪ» አለ፤ ትንሽ ቆይቶም፣ ማንም ሳያስገድደው፣ «ይገባሻል» ብሎ ጨመረ።

በማግስቱ ጠዋት ምላጭ ጠረጴዛዋን ለራሷ ወለወለች። ዘበኛው ሻይ አመጣላት፤ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግን አልተናገረችም። የታችኛው መሳቢያ አልከፈት ስላላት ከጎማ ቤት ጠፍጣፋ ብረት አስመጥታ ፈለቀቀችው። ውስጡ በስንጥቁ እየተጨመሩ የተከማቹ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሁሉም «ለጉዞ አውጪ» ስለሚሉና ጉዞ አውጪ ስላልነበረ የከፈታቸው ሰው የለም። ከላይ ያለውን ቀደደችው። ከመንገዶች መሥሪያ ቤት ነው። የተራራው ድልድይ ሌላ ጎርፍ መሸከም ስለማይችል፣ በሚመጣው ክረምት ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ቀን መንገዱ ለማንኛውም ተሽከርካሪ ዝግ መሆኑን ያስታውቃል። በሥሩ ማኅተምና ቀን አለው። የተጻፈው ሊቀመንበሯ ቢሮውን ከመርገጣቸው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው። ሥራ አስኪያጁ «ለሚመጣው ክረምት» ባለ ጊዜ መልሱ እዚሁ መሳቢያ ውስጥ ነበር።